ስለ አይሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ቤት አመራረጥ

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያስመጣ አስቀድሞ ናሙና ይጠይቃል፤ ፕሮፎርማ ያስልካል፤ ሻጩ ማን እንደ ሆነ በባንኩ በኩል ያጣራል፤ ገንዘቡንም በሌተር ኦፍ ክሬዲት አስይዞ የመጫኛው ሰነድ እስኪቀርብ ድረስ አይለቅም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ልጁ «አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ የአንድ የበረራ ትምህርት ቤት ባለ ሥዕል መግለጫ ባቀረበለት ጊዜ ጥንቃቄውን ሁሉ ከሱቁ ትቶት ይሄዳል። ለአንድ ኮንቴይነር ሸቀጥ ያላደረገውን ለልጁ ዕድል ያደርጋል፤ ይኸውም ዋጋውን በሙሉ አስቀድሞ መክፈል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ እንዲቀርና የበረራ ትምህርት ቤትም እንደ ማናቸውም ትልቅ ግዢ በሚዛን እየተመዘነ እንዲመረጥ ለተከበሩ የምክር ቤታችን አባሎች ለማሳሰብ ነው።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ በአንድ አስመጪ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዳሩ ግን ባለፉት ዓመታት የጌታዬ ወዳጆች ከየትምህርት ቤቱ የመጣላቸውን የዋጋ ማቅረቢያና ውል ይዘው እየመጡ «እስቲ አንብበህ ንገረን» ስለሚሉኝ፣ ብዙ ወረቀት አገላብጬ የተረዳሁት ነገር አለ። ያነበብኩት ወረቀት ሁሉ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከሰማይ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ መሆኑ ነው።

በአገራችን የአብራሪነት ሙያ የተከበረበት ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አይሮፕላኖቹን የሚያበሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኛ አይሮፕላን አዛዥ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዪቱ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቁ። ስለዚህ ልጆቻችን፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ይህን ሙያ ቢመኙ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው ምኞቱን ያለ ሒሳብ መከተል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

የመጀመሪያው እርምጃ ከትምህርት ቤት ምርጫ በፊት የሚመጣ ነው፤ ይኸውም የጤና ምርመራ ነው። በሙያው እንጀራ የሚበላ አብራሪ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ የደም ግፊቱና የአእምሮው ጤና ይመረመራል፤ ቀለማትን ለይቶ ማየቱም ይፈተናል። መነጽር ማድረግ ብቻውን የሚያስከለክል አይደለም፤ በመነጽር የታረመ ዓይን መለኪያውን ካሟላ ይበቃል። ዳሩ ግን ሌላ እንከን ሊኖር ይችላልና፣ ምርመራው ሥልጣን በተሰጠው ሐኪም ዘንድ አንዲት ሳንቲም ለትምህርት ቤት ሳትከፈል በፊት መደረግ አለበት። የምርመራው ዋጋ ከትምህርቱ ዋጋ ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ሳያደርግ ልጁን የሚልክ አባት ጉምሩክ የማያስገባውን ዕቃ ገዝቶ ወደብ ላይ እንደሚጥል ነጋዴ ነው። ከዚሁ ጋር የእንግሊዝኛ ቋንቋ መታየት ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ወደ ውጭ አገር የሚበር አብራሪ ከ6 የቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ የሚፈተነውም ጽሕፈቱ ሳይሆን ንግግሩና ሰምቶ መረዳቱ ነው።

ቀጥሎ የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። «የአብራሪነት ፈቃድ» የሚባል አንድ ወረቀት ብቻ የለም፤ መሰላል ነው። በዓለም አቀፉ ድርጅት ዝቅተኛ ልክ መሠረት የመጀመሪያው ደረጃ የግል አብራሪ ፈቃድ ሲሆን 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ በዚህ ፈቃድ ደመወዝ ተቀብሎ ማብረር አይቻልም። ሁለተኛው የንግድ አብራሪ ፈቃድ ሲሆን 200 ሰዓት፣ በተፈቀደ ተከታታይ ትምህርት ከሆነም 150 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህም ጋር በደመናና በጨለማ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚያስችለው ፈቃድና የባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ፈቃድ ይጨመራሉ። በመጨረሻው እርከን ላይ ያለው የአየር መንገድ አዛዥነት ፈቃድ 1500 ሰዓት ይፈልጋል። ይህም ሁሉ ተሟልቶ በአንድ ዓይነት ትልቅ አይሮፕላን ላይ ለመሥራት ለዚያው ዓይነት ብቻ የሚሰጥ፣ ታይፕ ሬቲንግ የተባለ፣ ሌላ ሥልጠና አለ። እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት «ልጅዎን አብራሪ አድርገን እንመልስልዎታለን» ሲል ከመሰላሉ የትኛው እርከን ላይ እንደሚያቆመው በጽሑፍ ይግለጽ ማለት ይገባል።

የትምህርቱ መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኢንተግሬትድ የሚሉት ሲሆን ተማሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትምህርት ቤት፣ በሙሉ ጊዜ፣ በአንድ ውል ተይዞ የሚጨርሰው ነው፤ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ሁለተኛው ሞዱላር የሚሉት ሲሆን እርከኑን አንድ በአንድ እየገዙ፣ ከፈለጉም በመካከሉ እየሠሩ ወይም ትምህርት ቤት እየለወጡ የሚሄዱበት ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ፈቃድ ያው አንዱ ነው። በአውሮፓ ሕግ ሁለቱም ተማሪዎች በ13 የትምህርት ዓይነቶች ይፈተናሉ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ልዩነት አለ፤ ፓርት 141 በሚባለው ደንብ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተማሪውን በ190 ሰዓት ለንግድ ፈቃድ ሊያቀርብ ሲችል፣ ፓርት 61 በሚባለው ልል ደንብ የሚማር 250 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ለመሆኑ የትኛው ይሻላል? የኢንተግሬትድ ደጋፊዎች «አየር መንገዶች ከአንድ እጅ የወጣ ተማሪ ይወዳሉ፤ ትምህርቱም አይቆራረጥም» ይላሉ። ይህ አባባላቸው እውነት አለበት፤ በየጊዜው እየተወ የሚማር ሰው የተማረውን እየረሳ ሰዓት መድገሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለነጋዴ ቤተ ሰብ ሞዱላር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ልጁ የግል ፈቃዱን በሚወስድበት በመጀመሪያው እርከን ሙያው ይስማማው እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ቃሉን የሚጠብቅ እንደ ሆነ፣ ከጠቅላላው ዋጋ ጥቂቱን ብቻ አውጥቶ ማየት ይቻላል። የማይሆን ሆኖ ቢገኝ ኪሣራው በዚያው ይቆማል። በእኔ አስተያየት ከአየር መንገድ ጋር በጽሑፍ የታሰረ የቅጥር ተስፋ የሌለው ኢንተግሬትድ ትምህርት ተጨማሪውን ዋጋ አያወጣም። እንዲህ ያለ ተስፋ ካለው ግን መመረጥ ይገባዋል።

ከመንገዱ በኋላ የአገሩ ምርጫ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «የትኛው አገር ያምራል?» ሳይሆን «ልጁ ሥራ የሚይዘው የት ነው?» የሚለው ነው። የበረራ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ሰነድ ነውና በሌላ አገር እንዲሁ አይሠራበትም፤ መለወጫ ፈተናና አንዳንድ ጊዜም ተጨማሪ በረራ ይጠየቃል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የእንግሊዝ ነገር ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የአቪየሽን ሥርዓት ስትወጣ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በእንግሊዝ የወጣ ፈቃድ በኅብረቱ አገሮች የተመዘገበ አይሮፕላን ለማብረር በራሱ የሚበቃ መሆኑ ቀረ። ልጁ አገሩ ተመልሶ የሚሠራ ከሆነ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ያንን ፈቃድ ለመለወጥ ምን ምን እንደሚጠይቅ ከመሄዱ በፊት ሄዶ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ተምሮ እዚያው እሠራለሁ ለሚል ልጅ ደግሞ ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በበፋሎ ከተማ አጠገብ ከደረሰው የአይሮፕላን አደጋ በኋላ የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ ሲውል፣ በአሜሪካ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንኳ በመደበኛው 1500 ሰዓት እንዲኖረው አዘዘ፤ ከታወቁ ኮሌጆች በዲግሪ ለሚመረቁት እስከ 1000 ሰዓት ይቀነስላቸዋል። ተማሪዎች ጉድለቱን የሚሞሉት ብዙውን ጊዜ አስተማሪ ሆነው በመቀጠር ነው። ዳሩ ግን በሙያ ትምህርት ቪዛ የገባ የውጭ ተማሪ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሙያው ሊሠራ የሚፈቀድለት ቢበዛ 6 ወር ነው። በ250 ሰዓት የተመረቀ ልጅ 1250 ሰዓት ይቀረዋል፤ ይህን ለ6 ወር ብናካፍለው በወር 208 ሰዓት፣ በቀን ወደ 7 ሰዓት ይደርሳል፤ ያውም እሑድንና ዝናቡን ሳይጨምር። የማይሆን ነገር መሆኑን ማንም ሒሳብ ያዥ ይፈርዳል። «አሜሪካ ተምሮ አሜሪካ ይቀጠራል» የሚል ደላላ ቢመጣ ይህን ሒሳብ አቅርባችሁ መልስ ጠይቁት።

በአገር ውስጥ ያለውን መንገድ ችላ ብሎ ወደ ውጭ ማየትም ተገቢ አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ አቪየሽን ዩኒቨርሲቲ የተባለው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ለአየር መንገዱ የሚመለመሉትን ወጣቶች ያሠለጥናል፤ በራሳቸው ወጪ የሚማሩትንም ከአገር ውስጥና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይቀበላል። በምልመላ ለመግባት ፈተናው ብርቱ ነው፤ የሚያልፈው ልጅም ሲገባ የሚፈርመው የአገልግሎት ውል ስላለ ዓመቱንና የመቀጫውን ገንዘብ ወላጅ አንብቦ ሊረዳ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ትምህርቱና ሥራው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ ለልጁ ከሁሉ የቀረበው በር ይህ ነው። ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያ ይህን በር ያንኳኳ፤ ሳይከፈትለት ቢቀር በራስ ወጪ የመማሩ ነገር በዚያ ጊዜ ይታሰብ ባይ ነኝ።

ትምህርት ቤት ሲመረመር መጠየቅ የሚገባው የሕንፃው ውበት አይደለም። የሚበሩ አይሮፕላኖች ስንት ናቸው? ተማሪውስ ስንት ነው? ጥገናው እዚያው ይደረጋል ወይስ ወደ ሌላ ይላካል? አስተማሪዎቹ ቋሚ ናቸው ወይስ ሰዓታቸውን ሞልተው ነገ የሚሄዱ? ባለፈው ዓመት ከጀመሩት ተማሪዎች ስንቶቹ በተባለው ጊዜ ጨረሱ? እነዚህን ጥያቄዎች በደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ ነው፤ በቁጥር ያልመለሰ ትምህርት ቤት እንደ መለሰ ይቆጠራል። የአገሩም አየር መታየት አለበት። በስፔን ደቡብ፣ በአሪዞናና በፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚበርበት ቀን ስለሚበዛ ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱ ብዙ ቀን ያስተጓጉላል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑም የትንሽ መለማመጃ አይሮፕላን ሞተር ኃይሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ ለተማሪው ያስቸግራል፤ ነገር ግን በደጋ የተማረ አብራሪ አይሮፕላን በስስ አየር እንዴት እንደሚነሣ ከልጅነቱ ያውቃልና ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በአውሮፓ ሙሉው ኢንተግሬትድ ትምህርት ብዙ ጊዜ ከ80 ሺሕ ዩሮ በላይ ይጠየቅበታል። ነገር ግን በማቅረቢያው ላይ የተጻፈው ዋጋና ተማሪው ሲጨርስ የተከፈለው ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማቅረቢያው የሚሠራው ሕጉ በሚጠይቀው ዝቅተኛ ሰዓት ነው፤ ለግል ፈቃድ 40 ሰዓት ቢባልም በአሜሪካ ብዙ ተማሪ የሚጨርሰው ከ60 ሰዓት በኋላ ነው። አይሮፕላኑና አስተማሪው በሰዓት 250 ዶላር ቢሆኑ በዚህ አንድ እርከን ብቻ 5000 ዶላር ይጨመራል ማለት ነው። የሰዓቱ ዋጋ ነዳጅን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ሰዓቱ የሚቆጠረው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ነው ወይስ አይሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ? የፈታኙ አበል፣ የማረፊያ ቀረጥ፣ መድን፣ መጻሕፍት፣ ቤት ኪራይ፣ ወድቆ እንደገና መፈተንስ? ታይፕ ሬቲንጉ ከውስጡ ነው ወይስ ከውጭ? ለእኛ ነጋዴዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በፋብሪካ በር ዋጋና መጋዘን በደረሰ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ትምህርት ቤቶችን ማወዳደር ያለብን መጋዘን በደረሰው ዋጋ ነው።

የምንዛሪም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን፣ ከዚያ በፊት በባንክ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 60 ሺሕ ዶላር የሚከፈልበት ትምህርት 3 ሚሊዮን 420 ሺሕ ብር የነበረው ከ6 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ልጁ በትምህርቱ እኩሌታ ላይ የነበረ አባት ምን ያህል እንደ ተጨነቀ መገመት አያስቸግርም። እኩሌታውን የተማረ አብራሪ ደግሞ እኩሌታውን እንደ ተሠራ ድልድይ ነው፤ አያሻግርም። ስለዚህ ወጪው ሲታሰብ ከማቅረቢያው ቢያንስ ሲሶ ጨምሮ ማሰብ፣ ያንንም ከሱቁ መንቀሳቀሻ ገንዘብ ሳይሆን ከተቀመጠ ጥሪት ማውጣት ይገባል።

ከሁሉ የባሰው አደጋ ግን ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ መክፈል ነው። በአሜሪካ ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በድንገት በሩን ሲዘጋ፣ ተበድረው አስቀድመው የከፈሉ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ከነዕዳቸው ቀሩ። በስኮትላንድ የነበረው ቴሳይድ አቪየሽንም እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን አቁሟል። እነዚህ ሁለቱ ከጉልበተኛ መንግሥትና ከተሟላ ሕግ አገር ናቸው፤ ሌላውን ከዚህ መገመት ነው። እኔ የማውቀው አንድ የቆዳ ነጋዴም ልጁን ስሙን ወደማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ልኮ ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ ከፈለ። በሥዕሉ ላይ ከታዩት አይሮፕላኖች የሚበረው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ 14 ወር ተቀምጦ 70 ሰዓት ብቻ በርሮ ተመለሰ። በውሉ ላይ ገንዘብ የሚመለስበት አንቀጽ አልነበረበትምና የሚከሰስበትም ነገር አልተገኘም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለዚህ ነው።

«አስቀድመው ቢከፍሉ ከመቶ አሥር እንቀንሳለን» የሚል ትምህርት ቤት ያጋጥማል። ከመቶ አሥር ለማትረፍ ከመቶ መቶውን በማይታወቅ ሰው እጅ ማስቀመጥ ንግድ አይደለም። ክፍያው እርከን በእርከን፣ ወይም በየ10 ሰዓቱ በረራ ይሁን፤ ያልተበረረበት ገንዘብም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ተማሪው የበረራ መዝገቡን በእጁ ይያዝ፤ በየወሩም ቅጂውን ለወላጁ ይላክ። የተከፈለው ገንዘብና የተበረረው ሰዓት በየወሩ ከተመሳከሩ ማንም ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ማታለል አይችልም። ይህ እኛ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በመዝገብ የምናደርገው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ለምክር ቤታችን አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እደፍራለሁ። ከአባሎቻችን መካከል ልጆቻቸውን ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አሜሪካ የላኩ አሉ። እያንዳንዱ የተማረውን በየቤቱ ይዞ ስለ ተቀመጠ ሁለተኛው ሰው ያንኑ ዋጋ እንደገና ይከፍላል። ጽሕፈት ቤቱ አንድ መዝገብ ቢከፍትና አባሎች ልጃቸው የተማረበትን ቦታ፣ በማቅረቢያው የተባለውንና በመጨረሻ የተከፈለውን ገንዘብ፣ የተባለውንና የወሰደውን ወራት፣ የተገኘውን ፈቃድና ሥራውን ቢያስመዘግቡ፣ ማናቸውም መግለጫ የማይሰጠው እውቀት በአንድ ዴስክ ላይ ይገኛል። አንድ የሕግ ዐዋቂም ተራ የውል ናሙና ቢያዘጋጅልን ወጪው ለሁላችን ሲካፈል ከአንድ ሰዓት በረራ አይበልጥም።

ልጆቻችን ይብረሩ፤ የሚከለክላቸው የለም። እኛ ግን ከመፈረማችን በፊት የሕክምናውን ወረቀት፣ የባለሥልጣኑን መልስና የመመለሻውን አንቀጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እንይ። ሦስቱ ካልተሟሉ ባንክ አንሂድ።